ሳያስል የሚያንስ ሳንባ



ስለ ጭስ ሲነሣ ከአዳራሹ አንድ ታላቅ ሰው ብድግ ብለው የሚናገሩትን ስለማውቅ ዛሬ ቀድሜያቸው ልናገር። «እኛ የተወለድነው ጭስ ውስጥ ነው፤ ያደግነውም ጭስ ውስጥ ነው። ጣራው በጥላሸት ጠቁሮ፣ እናታችን እንጀራ ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ታዝለን፣ ዓይናችን እያለቀሰ። ታዲያ ምን ሆንን?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬም ከሞላ ጎደል ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የመልሱ አንዱ ክፍል አጭር ነው። የሚጠይቁት የተረፉት ናቸው። በዚያው ጎጆ ተወልደው፣ ዓመት ሳይሞላቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ያለፉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተነሥተው ሊጠይቁ አይችሉም። ይህን ሁላችንም ስለምናውቀው አልቆይበትም።

እዚህ ያቆመኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። የተረፍነውስ በምን ያህል ሳንባ ነው የተረፍነው?

የቆሸሸ አየር ሕፃንን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ይታያል። ሳል ነው፣ አስም ነው፣ የሳንባ ምች ነው። ወላጅ ይደነግጣል፣ ልጁን ታቅፎ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። ሁለተኛው አይታይም። ሳንባው በሚያድግበት ዘመን ሊደርስበት ከሚገባው መጠን አንሶ ያድጋል። ልጁ አያስልም። ኳስ ይጫወታል፣ ከክፍሉም አንደኛ ይወጣ ይሆናል። ሐኪም ደረቱን ቢያዳምጠው ምንም አይሰማም። ጉድለቱ የሚታወቀው ስፓይሮሜትር በሚባል መሣሪያ ሲለካ ነው። ልጁ ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስብና ከንፈሩን በመሣሪያው ቱቦ ላይ ገጥሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ያወጣዋል። በጠቅላላው ስንት አየር ወጣ? በመጀመሪያዋ አንድ ሰከንድ ብቻስ ስንት ወጣ? የሁለተኛዋን ቁጥር አደራ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ሳንባ እንዴት እንደሚያድግ ጥቂት ልበል። ጽንሱ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ሳንባው እንደ ትንሽ እምቡጥ ብቅ ይላል። በአራተኛው ወር ማብቂያ አካባቢ አየር የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ቅርንጫፍ አውጥተው ይጨርሳሉ። ከዚያ ወዲያ ይሰፋሉ፣ ይረዝማሉ እንጂ በቁጥር አይጨምሩም። ደም ከአየር ጋር የሚገናኝባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። እነርሱ መፈጠር የሚጀምሩት በእርግዝናው መጨረሻ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በመቶ ሚሊዮኖች። ከዚህ ጭማሪ ብዙው የሚከናወነው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ሲሆን፣ ሥራው ቀስ እያለ እስከ ጉርምስና ይዘልቃል። የሳንባ አቅም በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ በሴቶች ደግሞ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጣራው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። ይህ ቅነሳ ጭስ አይቶ ለማያውቅ ሰውም አይቀርም።

እንደ ጎተራ አስቡት። እህል የሚገባው እስከ ሃያ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ሁሉ መብላት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ይበላሉ እንበል። አንደኛው የጀመረው ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላ ጎተራ ነው፤ ሌላው የጀመረው ሲሶው በጎደለ ጎተራ ነው። ሁለተኛው አባካኝ አይደለም፤ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ጎተራው ወለል ላይ ይደርሳል።

ነገሩ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2015 (የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካና ከዴንማርክ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ ታትሞ ነበር። አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የአንድ ሰከንድ ትንፋሻቸው ከሚጠበቀው ከ80 በመቶ በታች የሆነ ሰዎች ተለዩ። ከሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ ከእነዚህ መካከል 26 በመቶው ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያዛቸው። አጀማመራቸው ደህና ከነበረው የያዛቸው 7 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህ በሽታ ለረጅም ጊዜ የሚታሰበው በሲጋራ ሳንባውን የጨረሰ ሰው በሽታ ሆኖ ነው። ይሁንና ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው ከሌላው ሰው በፈጠነ ሁኔታ አልቀነሰም፤ ሲጀምሩም ዝቅ ብለው ነበር የጀመሩት።

ስለዚህ ለጠያቂው ታላቅ ሰው የምለው ይህ ነው፦ በሃያ ዓመትዎ ምንም አልሆኑም። የሃያ ዓመት ሰው ሳንባው ቢጎድልም ብዙ ትርፍ አለውና አይሰማውም። ሂሳቡ የሚመጣው በስልሳ ዓመት፣ ዳገት ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

«ሳንባው ያነሰው በአየሩ ምክንያት መሆኑን በምን አወቃችሁ? ድሃ ቤት ያደገ ልጅ ምግቡም፣ ቤቱም፣ ሕክምናውም ይጎድላልና» የሚል ይኖራል። ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የተሻለው መልስ የመጣው ከደቡብ ካሊፎርንያ ስለሆነ ወደዚያ ልውሰዳችሁ።

ሎስ አንጀለስ በባሕርና በተራራ መካከል ያለች ሜዳ ናት። ነፋሱ ከባሕር ይነሣል፣ የከተማውን ጭስ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ተራራው ያግደዋል፣ ከላይ ደግሞ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። በሐምሌ 1943 አንድ ቀን ከተማዋ በሚያቃጥል ጭጋግ ተዋጠች። ጊዜው የጦርነት ነበርና ጃፓን መርዝ ለቀቀችብን ያሉም ነበሩ። ጠላቱ ግን የራሳቸው መኪናና ፋብሪካ ነበር። የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ ያን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ እንደሚሆን በኋላ ያሳየው አሪ ሃገን ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሥራ ሁለት ከተሞችን መረጡ። የምርጫውን ብልሃት ልብ በሉ። እንደ ሎምፖክ ያሉት ከውቅያኖሱ ንጹሕ ነፋስ የሚያገኙ ናቸው። ሎንግ ቢች ግዙፍ ወደብ አለባት። ሪቨርሳይድና ሚራ ሎማ ደግሞ የሎስ አንጀለስ ጭስ ተገፍቶ የሚከማችባቸው፣ የጭነት መኪና የሚተራመስባቸው ናቸው። በየከተማው የአየር መለኪያ ጣቢያ ተተከለ። ባለሙያዎች በየዓመቱ ስፓይሮሜትር ይዘው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ያንኑ ልጅ ዘንድሮም፣ ለከርሞም ይለኩታል። ወላጅ ያጨሳል ወይ? ቤት ውስጥ ሻጋታ አለ ወይ? ልጁ አስም አለበት ወይ? የቤተሰቡ ትምህርትና ገቢ እንዴት ነው? ሁሉም ተጠየቀ፣ ተመዘገበ፣ በስሌቱም ገባ።

በ2004 ውጤቱ ታተመ። 1,759 ልጆች ከአሥር ዓመታቸው ገደማ ጀምሮ እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ተከታትለዋቸው ነበር። የደቃቅ ብናኝ መጠን ዝቅተኛ በሆነበት ከተማ፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው የአንድ ሰከንድ ትንፋሻቸው ከሚጠበቀው ከ80 በመቶ በታች የሆነባቸው ወጣቶች 1.6 በመቶ ነበሩ። ብናኙ ከፍተኛ በሆነበት ከተማ ግን 7.9 በመቶ ደረሱ። አምስት እጥፍ ያህል ነው። ይህ የታየው አስም በሌለባቸውና ሲጋራ በማያጨሱ ልጆችም ላይ ነው። ሰማንያ በመቶ የምትለውን መስመር ከጎተራው ወሬ ጋር አገናኟት፤ ከአርባ ዓመት በታች ያሉትን ሰዎች የለየችው ያችው መስመር ናት።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የሎስ አንጀለስ ሰው ለሃምሳ ዓመት ሲያማርር የኖረው ዓይን ስለሚያቃጥለው፣ ጉሮሮ ስለሚከረክረው ጭጋግ ነው። የዚያ ጭጋግ ዋና መለያ የሆነው ኦዞን ግን በዚህ ጥናት ከሳንባ ዕድገት መቀነስ ጋር አልተያያዘም። የተያያዙት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ የአሲድ እንፋሎት፣ ደቃቁ ብናኝና በውስጡ ያለው የጥላሸት ካርቦን ናቸው። ኦዞን ደግ ነው ማለቴ አይደለም፤ አስም ያስነሣል። ግን ዓይን የሚያስለቅሰውና ሳንባ የሚያሳንሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ነጥብ ወደ ምድጃችን ስመለስ እፈልገዋለሁ።

ደቃቅ ብናኝ የምለው ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ነው። የራስ ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። አፍንጫ የሚያግደው ትልልቁን አቧራ ነው፤ ይህኛው ግን እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የቀድሞው ገደብ 10 ነበር። ሳይንሱ እየጠራ ሲሄድ ገደቡ በግማሽ መውረዱ ራሱ ይናገራል።

የካሊፎርንያው ታሪክ በጉዳት አላበቃም፤ ያበቃ ቢሆን ኖሮ ንግግሬን ሙሾ አደርገው ነበር። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የተዛወሩ ልጆች ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹ ተከትለዋቸው ሄደው ለኩ። ብናኙ ወደቀነሰበት ቦታ የሄዱት የሳንባ ዕድገታቸው ፈጠነ፤ ወደባሰበት የሄዱት ዘገመ። በሌላ በኩል አየሩም ራሱ እየተለወጠ ነበር። ግዛቲቱ የመኪናና የነዳጅ ደረጃዋን አጥብቃለች፣ የናፍጣ ጭስን ተቆጣጥራለች። የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች በ2006 የጋራ የንጹሕ አየር ዕቅድ አውጥተው አሮጌ የጭነት መኪናዎችን ከግቢያቸው አስወጥተዋል። ተመራማሪዎቹ ደግሞ በእነዚያው ሰፈሮች አዲስ ትውልድ ልጆች መዝግበው ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ለኩ። በ2015 የሦስት ትውልድ ልጆች ጎን ለጎን ቀረቡ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከ80 በመቶው መስመር በታች የነበሩት በመጀመሪያው ትውልድ 7.9 በመቶ፣ በሁለተኛው 6.3፣ በሦስተኛው 3.6 በመቶ ነበሩ።

ሰፈሮቹ ያው ናቸው፤ አየሩ ተለወጠ፣ ሳንባውም አብሮ ተለወጠ። «ድህነት ነው እንጂ አየር አይደለም» የሚለውን ክርክር ከዚህ የበለጠ የሚያደክም ማስረጃ አላየሁም። አንድ ነገርም አስተውሉ፤ ከእነዚህ ልጆች እናቶች አንዷም ለልጇ ሳንባ ብላ የተለየ ነገር እንድታደርግ አልተጠየቀችም። የተለወጠው የናፍጣው ሕግ ነው።

ለንደን ደግሞ ተቃራኒውን ታስተምረናለች። ከተማዋ በ2008 የሚጨሱ ከባድ መኪናዎችን የሚያስቀጣ ቀጠና አወጀች። በምሥራቅ ለንደን በ28 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ሺህ በላይ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ሲለኩ፣ ለትራፊክ ጭስ በብዛት የተጋለጡት የሳንባ መጠናቸው 5 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ቀጠናው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ጥቂት ቢቀንስም በልጆቹ ሳንባ ላይ መሻሻል አልታየም። ጥቂት ማሻሻል ጥቂት ጥቅም ይሰጣል ብለን ደስ ይለናል፤ ሳንባ ግን ጥቂቷን ሁልጊዜ አይቆጥራትም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተማሪ ልጅ ነው። ጎተራው ግን መሞላት የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ብዙ ቀድሞ ነው። በቤልጅየም የሃሰልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ከወሊድ በኋላ የወጣ እንግዴ ልጅ መርምረው፣ በጽንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ የጥላሸት ቅንጣቶች አገኙ። እናቲቱ በመንገድ ስታልፍ የሳበችው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያው ጥላሸት በጽንስ ሳንባ ውስጥ ታየ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ግን ከጋና፣ ከኪንታምፖ ነው። በዚያ ገጠር ነፍሰ ጡር እናቶች የሚያበስሉት በእንጨትና በከሰል ነው። እናቶቹ በእርግዝናቸው ወራት የተጋለጡበት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በሚይዙት መሣሪያ ተለካ። ሕፃናቱ አንድ ወር ሲሆናቸው ደግሞ ተኝተው ሳለ አተነፋፈሳቸው ተመዘገበ። ብዙ ጭስ ከሳቡት እናቶች የተወለዱት አተነፋፈሳቸው የፈጠነና አየር ሲያወጡም የከበዳቸው ሆኑ፤ በሴቶቹ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። እነዚህ የሠላሳ ቀን ልጆች ናቸው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ የጽንስ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። እንግዲህ ዓይን የሚያስለቅሰውና ሳንባ የሚያሳንሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ ያልኩት እዚህ ያገለግላል። እኛ ቤት ከሰል «ጭስ የለውም» ተብሎ ይከበራል። ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ አራስ ክፍል ይገባል። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ይወተፋል፣ እጣኑ ይጨመራል፣ ቡናው ይፈላል። ፍቅር ነው፤ ወጋችን ነው፤ እኔም ቡናው ቢቀር አልወድም። ነገር ግን አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ እኛ ከ12 እስከ 20። በዚያ ክፍል ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ለክብደቱ ብዙ አየር የሚስበው እርሱ ነው። ቡናው ሳሎን ይፈላ፤ አራሷም ብርድ ልብስ ደርባ መስኮቷን ገርበብ ታድርግ። ከዚህ የረከሰ የጤና ምክር አላውቅም።

ስለ ምድጃ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እውነቱም ለጆሮ የሚጥም አይደለም። በጓቲማላ ደጋ፣ ሳን ማርኮስ በተባለ አካባቢ፣ ተመራማሪው ኪርክ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ከ500 በላይ ቤቶችን በዕጣ ከፈሉ። ግማሹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ወዲያው አገኘ፤ ሌላው በጉልቻው ቀጥሎ በኋላ አገኘ። የሕፃናቱ የጭስ ተጋላጭነት በግማሽ ያህል ወረደ። በ2011 በታተመው ውጤት ሐኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች በጠቅላላው ሲታይ አሳማኝ በሆነ መጠን አልቀነሰም፤ ከባድ የሚባለው ግን በሲሶ ያህል ቀንሷል። በኋላ ልጆቹ አድገው ሳንባቸው ሲለካ፣ ምድጃው አሥራ ስምንት ወር ዘግይቶ የመጣላቸው ሕፃናት ትንፋሽን በኃይል የማውጣት ፍጥነታቸው ዕድገት አዝግሞ ተገኘ። በአንድ ሰከንዷ ልኬትም ዝቅ ያሉ መስለው ነበር፤ እርግጠኛ የሚያደርግ ግን አልሆነም። አሥራ ስምንት ወር ለትልቅ ሰው ምን አላት? ለሕፃን የአየር ከረጢቶቹ የሚበዙባት ዘመን ናት።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሙከራዎች ተስፋችንን ቀዝቀዝ አድርገዋል። በማላዊ የተሻሻለ ምድጃ በብዙ ሺህ ሕፃናት ቤት ተሞክሮ የሳንባ ምችን አልቀነሰም። በእኛው ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ታድሎ የተደረገው ሙከራም፣ ውጤቱ በ2021 ሲወጣ፣ በሕፃናት የመተንፈሻ ሕመም ላይ አሳማኝ ለውጥ አላሳየም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ሦስት ሺህ ለሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች የሲሊንደር ጋዝ በነፃ ሲቀርብ ብናኙ በጣም ወረደ፤ የሕፃናቱ የልደት ክብደትና ከባድ የሳንባ ምች ግን ከሌሎቹ አልተለየም።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ጭስ አይጎዳም» ይላል። እኔ አልልም። ሙከራዎቹ የለኩት ምችንና ክብደትን እንጂ እስከ ሃያ ዓመት የሚያድግ ሳንባን አይደለም። በብዙዎቹም አዲሱ ምድጃ ሲገባ አሮጌው ጉልቻ ከቤት አልወጣም፤ እንጀራው በአዲሱ፣ ወጡ በአሮጌው ይሠራል። የአንዲት እናት ማድቤት ቢጸዳም የጎረቤቷ ጭስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። የጋዙ ምድጃ ደግሞ የደረሰው እርግዝናው ከገፋ በኋላ ነው፤ ለብዙዎቹ ያ የቧንቧ ቅርንጫፍ የሚወጣበት ጊዜ እየተገባደደ ነበር። ከዚህ ሁሉ የማገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ጭስን ግማሽ መንገድ መቀነስ ምድጃ ለሚያድለው ድርጅት ጥሩ ሪፖርት ይሆናል፤ ለልጁ ግን ላይበቃ ይችላል።

ስለዚህ ለአገራችን ትልቁ የሕፃናት ሳንባ ጥያቄ የእንጀራ ምጣድ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ከቤታችን ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እርሱ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ የለውም፤ ኤሌክትሪካችንም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ግን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። አንድ ሰፈር ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ምጣዱን ሲሰካ ትራንስፎርመሩ አይችለውም፣ መብራቱ ይሄዳል። ሊጡ ተቦክቶ መብራት የጠፋባት ሴት ወደ ማገዶዋ ብትመለስ ምን ትወቀሳለች? ለሕፃናት ሳንባ የሚቆረቆር ሐኪም ስለ ትራንስፎርመርና ስለ መብራት ታሪፍ መናገር አለበት፤ እኔም ይኸው ተናገርኩ። ያ እስኪሆን ድረስ ማድቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ጭስ መውጫ ማበጀትና ጋገራው እስኪያልቅ ሕፃኑን ለአያቱ ወይም ለታላቅ እኅቱ ሰጥቶ ከጭሱ ማራቅ ይቻላል። እናቶች ይህን የማያደርጉት ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚይዝላቸው ሰው ስለሌለ ነው። ባሎች በአዳራሹ እንዳሉ አያለሁ።

ከተማው ጋ ነገሩ ይለያል። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ዋናው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ቢሆንም ለሕፃናት ሳንባ ያልታሰበ ስጦታ ነው፤ ይሁንና ጥቁር ጭስ የሚተፉት አሮጌ የናፍጣ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። በካሊፎርንያው ጥናት ከፈጣን መንገድ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ልጆች፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ የሳንባ ዕድገታቸው አንሶ ተገኝቷል፤ በአጠቃላይ ንጹሕ በሚባሉት ከተሞች እንኳ። ግዛቲቱ በ2003 ባወጣችው ሕግ አዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከፈጣን መንገድ 150 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ እንዳይሠራ ገድባለች። 150 ሜትር ጥቂት ናት፤ ግን የጥላሸቱና የጭሱ መጠን ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ በፍጥነት የሚወርደው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ መቶ ምናምን ሜትሮች ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በራቸው በቀጥታ ዋና አስፋልት ላይ የሚከፈት ስንት መዋዕለ ሕፃናት እንዳሉ መንገዱን የሚያውቅ ያውቃል። በየማለዳው ሰርቪሶቹ ሞተር ሳያጠፉ በሩ ላይ ይደረደራሉ፤ የጭስ ማውጫቸው ከፍታ ከአራት ዓመት ልጅ ፊት ብዙም አይርቅም። ሞተር ማስጠፋት ዘበኛውና ርእሰ መምህሯ ነገ ጠዋት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው። የቆመውን ትምህርት ቤት ማዛወር ይከብዳል፤ በሩን ወደ ውስጠኛው መንገድ ማዞር፣ የሕፃናቱን ክፍልና መጫወቻ ከአስፋልቱ ራቅ ወዳለው የግቢው ጥግ መውሰድ ግን ይቻላል። ለአዲሱ ደግሞ ፈቃድ ሲጠየቅ የክፍሉ ስፋትና የመጸዳጃው ቁጥር በሚጻፍበት ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ከዋናው መንገድ ስንት ሜትር?